ለወንድሜ ሳስተረጉም

«ጌታ ራሴን ፈውሶኛል» አለ ሲሞን በእንግሊዝኛ። እኔም ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ በአማርኛ ደገምኩት። አዳራሹ በአሜን ተሞላ።

ሲሞን ታናሽ ወንድሜ ነው። አማርኛው ምግብ ለመጠየቅና እናታችንን ለማባበል ይበቃዋል፤ ለምስክርነት ግን ስለማይደርስለት አጠገቡ ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ሞርስ ሮድ ላይ ከጎማ ቤቱ ጎን በተከራየናት ቤተ ክርስቲያን እሱን የማያውቅ የለም። በአሜሪካን ፉትቦል ራኒንግ ባክ ነው፤ ኳሷን በክንዱ አቅፎ፣ ግድግዳ የሚያህሉ ሰዎችን እየጣሰ የሚሮጥ ተጫዋች። አምስት ዓመት በፕሮፌሽናል ክለብ ሮጧል። የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች የጨዋታውን ሕግ እስከ ዛሬ አያውቁትም፤ እሱ ሲወድቅ ግን አብረው ይወድቃሉ።

በ2021 ዲሴምበር ወድቆ ቶሎ አልተነሳም። ሁለት ተጋጣሚዎች ከግራና ከቀኝ መጥተው ራሱን መቱት። ሦስት ወር ሬይኖልድስበርግ እናቴ ቤት መጋረጃ ጋርዶ ተኛ። አሁን ጁላይ ነው፤ ሐኪሞቹ «ይችላል» ብለው ፈርመውለታል፤ ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ወደ ክለቡ ካምፕ ይመለሳል። እናቴ እንዲተወው ስትለምነው «ማሚ፣ አይ አም ፋይን» አላት። እኔም ለእሱ አገዝኩ። ለዚህ ቦታ ሃያ ሰባት ዓመት እርጅና ነው፣ ዘንድሮ ካልሮጠ ማንም አይጠራውም ብዬ ተከራከርኳት። አንደበቴ ድሮም ለክርክር አይሰንፍም።

ሲሞን ምስክርነቱን ከልጅነቱ ነበር የጀመረው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባታችን በረዶ ላይ ኳስ እንደወረወረለት አወራ። ክለቡ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በአራተኛው ዙር መርጦት ስልክ ሲደወል ቤቱ በጩኸት ስለተናጋ፣ እናቴ መርዶ መስሏት ነጠላዋን ማዘቅዘቅ እንደጀመረች ሲናገር ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም» አለና ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ያለቀሰውን ነገረን። በፈውሱ ጨረሰ።

ፓስተር ያደታ ማይኩን ሊቀበለው ተነሣ። ሲሞን ግን አልሰጠውም። ትንፋሹን ሰብስቦ ሕዝቡን በፈገግታ ተመለከተ።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አለ። «አባቴ በረዶ ላይ ኳስ ወረወረልኝ።»

የረሳው ነገር ኖሮ ሊጨምር መስሎኝ አስተረጎምኩ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ ቀጠለ። ቅድም ቆም ያለበት ቦታ ቆም አለ፤ ቅድም እጁን ያነሳበት ቦታ እጁን አነሳ። መርዶው ላይ ሲደርስ ሳቁን ጠበቀ። የሳቀ አልነበረም።

«ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነዳ መታጠፊያውን ሁለቴ አልፎት «ሀብታም ሆነህ ሞርስ ሮድ ጠፋብህ?» ብዬ አሹፌበታለሁ። ፊት ወንበር ላይ ያለችውን እናቴን አየኋት። ሃያ ዓመት አረጋውያንን ስትንከባከብ የኖረች ሴት ናት፤ እንግሊዝኛውም፣ እንዲህ ያለው የመርሳት ነገርም አያመልጣትም። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። የምታየው እሱን ሳይሆን እኔን ነው።

«ጌታ ራሴን ፈውሶኛል» አለ ሲሞን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ፊቱ በርቶ።

ሽማግሌዎቹ አማርኛውን ይጠብቃሉ። ያን ቃል ከዚህ በኋላ በምን አፌ ልድገመው?

«ነገ አልሄድም» አልኩ በማይኩ። «መጫወት አቁሜያለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንግሊዝኛ የማይሰሙት እናቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፓስተር ያደታ «አሜን» ሊል ከንፈሩን ከፍቶ ወደ ሲሞን ዞረ።

እኔ የሲሞንን ቁጣ ጠበቅኩ። ለዚህችማ አማርኛው አያንሰውም። እድሜ ልኩን የሮጠለትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በሰው ፊት፣ በእሱ ስም ጥዬበታለሁ። ማይኬን ነጥቆ ውሸታም ቢለኝ ደስ ባለኝ። ያኔ ደህና ነው ማለት ነው።

ሰፊው መዳፉን ማይኬ ላይ ጭኖ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ሔርሚ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማበት፤ «ነገ የት ነበር የምሄደው?»