እንደ ነጠላ ጥለት

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አንሥቼ አሻሽቼው መልሼ እደቅነዋለሁ። ከልጁ ደም የለየኋቸው ሕዋሶች በሙሉ ቦግ ብለው ያበራሉ። ወይ ጉድ! እንዲህ የሚያበራው እኮ የሞተው ነው።

የቀባኋቸው ቀለም የሚይዘው በሽታ የሚከላከለውን ፕሮቲን ነው። በሕይወት ያለች ሕዋስ ፕሮቲኑን የምትሸከመው ቆዳዋ ላይ ስለሆነ ዳሯ ብቻ ይበራል። የሞተች ግን በሩ እንደተበረገደ ቤት ናት፤ ቀለሙ ዘው ብሎ ይገባል። አንዷ ሕዋስ ምን ያህል ቀለም እንደያዘች የሚነግረኝ የመለኪያው መርፌም ጥግ ደርሶ ተለጥፏል።

ዞር ስል ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ልጃቸውን አባይነህን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ የሚያርሱ ሰው ናቸው። የአባይነህ ታላቅ በማይለቅ ሳል ሞቷል፤ አሁን እሱም ጀምሮታል። ፕሮቲኑ ካለው እያደር ይጠነክራል ብሏል ሐኪሙ። ከሌለው ግን አንድዬ ይወቀው።

እግራቸው ሥር የጸበል ጠርሙስ አለ፤ ክዳኑ ወልቋል።

ቅድም መብራት ሲሄድ ጀነሬተር እንዲነሣልኝ ልነግር ስወጣ ሕዋሶቹ ያሉበትን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ይነግሩኛል፤ ለበረከት ብለው ጸበሉን ጨመር አድርገውበታል።

ደሜ ይፈላል። እኔ የሲግናል ሰፈር ጴንጤ ነኝ፣ ስለ ጸበል አልከራከርም፤ ግን ጨው የሌለው ባዶ ውሃ ሕዋስን እንደሚያፈነዳ አውቃለሁ። የማይክሮስኮፑ አምፖል ደግሞ እያጣጣረ ነው፤ ሌላ ከምሥራቅ ጀርመን ይምጣ ብንል የውጭ ምንዛሪው ሁሉ ለጦርነቱ ነው። ልናገራቸው አፌን ስከፍት የልጁን ግንባር አያለሁ። እርጥብ ነው። መጀመሪያ የቀቡት እሱን ነው። ንዴቴ ብን ብሎ ይጠፋል፤ አንጀቴን ይበሉታል።

ጸበሉ ለልጁ ይሁን፣ ብልቃጡን ግን ለእኔ ይተዉልኝ እላቸዋለሁ። ደም እንደገና መቅዳት እንዳለብኝም እነግራቸዋለሁ።

«ከዚህ አካል ላይ ስንት ደም ይወጣል፣ እህቴ?»

«ትንሽ ነው። እጁን እርስዎ ይያዙልኝ።»

ይይዙታል። ልጁ ያለቅሳል፣ እሳቸውም ያለቅሳሉ።

የአዲሱን ደም ሕዋሶች አጥቤ፣ ቀለም ቀብቼ፣ መጋረጃውን እዘጋለሁ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ጌታ ሆይ፣ ይቺን ብቻ፣ እላለሁ በልቤ። ጮክ ተብሎ የሚጸለይበት ዘመን አይደለም።

መጀመሪያ ጨለማ ነው። አሁንም ጨለማ። ከዚያ ጥግ ላይ አንዲት ሕዋስ አገኛለሁ፤ መሀሏ ጥቁር፣ ዳሯ ብቻ አረንጓዴ። መርፌው ንቅንቅ ብሎ መሀል ላይ ይቆማል። ሌላም አገኛለሁ። ሌላም።

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ እስክጠራቸው ሳይጠብቁ ልጁን እንደታቀፉ ይመጣሉ። ቦታዬን እለቅላቸዋለሁ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ይቆያሉ።

«እንደ ነጠላ ጥለት አላት» ይላሉ በመጨረሻ።

«በሕይወት ስላለች ነው። የአባይነህ ናት። ፕሮቲኑ አለው፣ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ።»

አምፖሉ ጭል ጭል ብሎ ይጠፋል። አባይነህ አንዴ ያስላል። አባቱ በጨለማው ጀርባውን መታ መታ ያደርጉለታል፤ ዓይናቸውን ግን ከማይክሮስኮፑ አላነሡም።