አሮጌው የባንዱ ካሴት

ኦርጋን የተማርኩት የአንድ ሱዳናዊ ባንድ ካሴት እየሰማሁ ነው። የምሠራው ዜማ ሁሉ ታዲያ እነሱን እነሱን ይላል፤ በቅናት እርር ድብን እላለሁ። ሪያድ እናቴ በምትሠራበት ቤት፣ ጓሮ ባለችው ክፍላችን፣ ስለ እናቴ አንድ ዘፈን ሠራሁ። ለማንም አላሰማሁትም። እሷ እንደሆነች ኦርጋኑን በነካሁ ቁጥር «ሙስዐብ፣ ቀንሰው! መዳም ተኝታለች» ነው የምትለኝ።

ትናንት ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ የባንዱን አሮጌ ካሴት ገዛሁ። እኔ ሳልወለድ፣ እናቴም ከወሎ ሳትመጣ የተቀዳ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ቃል በቃል የኔው ሆኖ አገኘሁት፤ ዘፋኙ ግን ከኔ አሳምሮታል። ሲጨርስ አንዲት ሴት በአማርኛ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» አለችው።

የእናቴ ድምፅ ነው። ለኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ዞር ስል በሩ ላይ ቆማ፣ ቴፑን እያየች ፈገግ ብላለች።

«መልሰውና ጨምረው እስቲ» አለችኝ፤ «ልጄን ልስማው።»