ማግኔቱን የነካ እጅ

አሥራት ቡራዩ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤት የኤሌክትሪክ ጊታር ይሠራል። ገላውን ከዋንዛ፣ አንገቱን ከወይራ እየጠረበ፣ ሽቦውን በእጁ እየጠመጠመ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። የሰበታም የሱሉልታም ሙዚቀኞች "የአሥራት እጅ ካልሆነ አንፈልግም" ይሉ ነበር። ይሉ ነበር ነው እንግዲህ። አሁን አሥራት ደክሞታል፤ ስልኩ እንኳ እንደ ድሮው አይጠራም።

አብሮት የሚሠራው ኢተፋ ነው። ከሆለታ ሲመጣ ጎረምሳ ነበር፤ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ የቤቱ አንዱ ቁልፍም በእሱ ኪስ ነው። አሥራት ከሚስቱ ከሮማነወርቅ ቀጥሎ የሚያምነው ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በሉሲ ጊታር ነው። ሉሲ ሰርግ ላይ የምትጫወት፣ ስሟ ገና መነሳት የጀመረ ልጅ ናት። ኢተፋ የአጎቱ ለቅሶ ላይ ሆለታ በሰነበተበት ጊዜ ጊታሯን ወሰደች፤ ብዙም ሳትቆይ መልሳ አመጣችው።

"ጋሼ፣ ድምፁ ጆሮ ይበሳል" አለችው ፊት ለፊቱ ቆማ። "ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘብኝ። ቅዳሜ ሱሉልታ ትልቅ መድረክ አለኝ፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ ሌላ መፈለጌ ነው።"

አሥራት ጊታር ተመልሶበት አያውቅም። እፍረቱ አጥንቱ ድረስ ገባ። ሰክቶ ቢሞክረው ደግሞ ምንም የሚበሳ ነገር አጣበት። ይህ ጊታር ዳግመኛ ከተመለሰ ስሙ አለቀለት፤ በሙዚቀኛ መንደር ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

መጠራጠር የጀመረው ያን ቀን ነው። ኢተፋ አንድ ነገር ነካክቶ ነው ወደ ለቅሶው የሄደው፣ አለ በልቡ።

ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት ከፍ ዝቅ የሚለው በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ነው። የጊታሩ ድምፅም ያለው እዚያች ላይ ነው፤ ማግኔቱ ቅንጣት ከፍ ሲል ድምፁ ይሾላል፣ ዝቅ ሲል ይለዝባል። አሥራት ማታ አስተካክሎ የሰቀለውን ጊታር ጠዋት ሲያወርደው ለዝቦ፣ ተዳፍኖ ያገኘዋል። መጀመሪያ እርጅና ነው ብሎ አለፈው። ሲደጋገም ግን ብሎኖቹ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመረ።

የኢተፋ አያያዝም ተለውጧል። ድሮ ከግድግዳው ወዲያ ያለው የኦቦ ቦጂያ ብረታ ብረት ቤት መቁረጫው ጥርስ የሚያንገጫግጭ ስለነበር፣ ጊታር የሚሞክሩት የብረት ቤቱ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ ብቻ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ መቁረጫው ዝም ብሏል። ኦቦ ቦጂያ ቤቱን ሊሸጥ ነው የተባለው እውነት ሳይሆን አልቀረም። አሥራትም ባሻው ሰዓት መሞከር ጀመረ። መጀመሪያ ረፋድ ላይ ጊታር የሰካ ዕለት ኢተፋ ግድግዳውን አየ፣ እሱን አየ፣ ከዚያ አቀረቀረ። የጥፋተኛ ዓይን ነበር፤ አሥራት ያኔ አልነቃም እንጂ።

ከሮማነወርቅ ጋርም ይንሾካሾካሉ። እሱ ሲደርስ ዝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

"ምንድን ነው የምትመካከሩት?" አላት አንድ ቀን።

"ምንም። ማስተካከሉን ለኢተፋ ተውለትና ትንሽ እረፍ ነው የምልህ።"

እረፍ! ሰው ከገዛ ቤቱ የሚባረረው እንዲህ ባለ ለስላሳ ቃል ነው።

ዓርብ የሉሲን ጊታር አስተካክሎ፣ ምልክቱን አድርጎ ሰቀለና ወደ ቤቱ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ኢተፋ ቀድሞት ገብቷል። ካቻቢቴው በእጁ ነው። ምልክቶቹ ዞረዋል።

"አንተ ነህ?"

ኢተፋ አልካደም። "እኔ ነኝ፣ ጋሽ አሥራት።"

"ምን በደልኩህና ነው ስሜን የምታጠፋው?"

ኢተፋ ትከሻውን ያዘው፤ እንባ አቅርሯል። "ጋሼ፣ ልነግርዎት እያልኩ... አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።"

"ቁልፉን አስቀምጥና ውጣ።"

አሥራት ጀርባውን ሰጠው። ኢተፋ ከኋላው ሌላ የተናገረው ካለም አልሰማውም። ዞር ሲል ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በሩም ክፍት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ንዴት እንኳ አቅም ይፈልጋል፤ አሥራት ብሎኖቹን ወደ ምልክታቸው መልሶ ቁጭ አለ።

ሉሲ ረፋዱ ላይ መጣች። ጊታሩን ሰክቶ ተጫወተላት። ሾሎ ሳይሆን ጥርት ብሎ ነው የወጣለት፣ እንደ ጉብዝናው ዘመን። እሷ ግን ፊቷን ቋጠር አድርጋ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"ጋሼ፣ እዚህ ምንም አይሰማኝም። እዚያው መድረኩ ላይ እሞክረዋለሁ።"

የዛሬ ልጆች ትልቅ ስፒከር ካላገኙ አይሰማቸውም፣ ብሎ ታዘባት።

"ብሎኖቹን ማንም እንዳይነካብሽ" አላት። "በገዛ ጆሮዬ ነው ያስተካከልኩት።"

ጊታሯን በጀርባዋ አዝላ ወደ ሱሉልታ ሄደች። ቤቱ ባዶ ሆነ። አሥራት የኢተፋን ወንበር ሲያይ ሆዱ ባባ፤ ሰው ናፈቀው። ኦቦ ቦጂያ ትዝ አለው። እሱም እንደኔ ጊዜ የጣለው ነው፣ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እንኳ ሄጄ አላጽናናሁትም፣ ብሎ ራሱን ወቀሰ። የቦጂያ በር በጀርባ ባለው መንገድ ስለሆነ ከፋሲካ ወዲህ በዚያ አልፎ አያውቅም። ዞሮ ሄደና የብረቱን በር ገፋው።

ኦቦ ቦጂያና ሠራተኞቹ ጆሯቸውን በጥጥ ወትፈው ብረት እየቆረጡ ነበር፤ የእሳቱ ፍንጣሪ ያለ አንዳች ድምፅ እስከ አሥራት እግር ይረጫል።