ራን የምትለዋ ቃል

ሾፌሩ ዱባይ ሊሄድ ጥቂት ሳምንት ስለቀረው እንግሊዝኛ በጣም ቸግሮት ነበር። ቲቸር የሺመቤት ራሳቸው ደውለው «በነፃ አስተምርሃለሁ» ሲሉት፣ ስልኩን ማን እንደሰጣቸው እንኳ አልጠየቀም።

በአራተኛው ቀን «ዛሬ ራን የምትለዋን ቃል እንጨርሳታለን» አሉት። «ራን ኦቨር፣ በመኪና ዳጠ ማለት ነው። ራን አዌይ ደግሞ ሸሸ። በል፣ ሁለቱም ያሉበት አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ።»

የሱሉልታው መንገድ ሾፌሩ ፊት ላይ ድቅን አለ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ ማንም አላየኝም ብሎ ይኸው ሁለት ዓመት ዝም ብሏል።

ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ «ሰውዬው ውሻ ድጦ ሸሸ» ብሎ ጻፈ።

ቲቸር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ጎበዝ፣ ግሶቹ ልክ ናቸው። ሁለት ቃል ብቻ ተሳስተሃል።»

ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። «ሰውዬው» የሚለውን ሰርዘው «እኔ» ብለው ጻፉበት። «ውሻ» የሚለውንም ሰረዙና «ልጅዎን» ብለው ጻፉ።

«በል፣ አሁን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»