ቀበቶ የማያውቅ ወገብ

ሐኪሙ ሹፌሩን ሚዛን ላይ እንዳይወጣ ከልክሎታል። «ሚዛን ተስፋ ያስቆርጥሃል፤ ሱሪህ ይነግርሃል። ራስህን አታስርብ፣ ዕድሜህን ሙሉ የምትችለውን ብቻ ለውጥ። ካልቀነስክ ግን ስኳሩ ዓይንህን ይይዘዋል፤ ያኔ አውቶቡስ መንዳት የሚባል ነገር የለም» አለው።

ሚስቱ ነገሩን የራሷ አደረገችው። ትልቁን ሳህን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅላ በትንሹ ታቀርብለት ጀመር፤ ግማሹ አትክልት ነው። ስኳሩን ከጠረጴዛው አነሳች። ሹፌሩም እንደ ተማሪ እሺ አለ፤ እያላመጠ ይበላል፣ ከሥራ ሲወጣ በእግሩ ይመጣል። አብራቸው የምትኖረው እናቱ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈሩን ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ «ምግቡን እናንተ ያዙት፤ ማጠብና መተኮሱን ለእኔ ተዉት» አለች።

ሹፌሩ ቀበቶ አድርጎ አያውቅም። ሁለቱንም የሥራ ሱሪዎች የሰፋችለት እናቱ ናት፣ ልኩን ታውቃለች።

ጠዋት ጠዋት ሚስትየው በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ልክክ ብሏል።»

ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ፣ መልሱ ግን ያው ነው። ሚስትየው ዕረፍት አጣች። እንዲህ እየበላ የማይቀንስ ሰው፣ የሆነ ቦታ ይበላል ማለት ነው። ሸሚዙን አሸተተች። ኪሱን ፈተሸች፣ ከመሐረብ በቀር ምንም የለም። መንገድ ላይ ያገኘችው የአውቶቡሱ ረዳት «ባልሽ እኮ ከሳ!» ሲላት ደግሞ ደሟ ፈላ። ተነጋግረውብኛል፣ አለች በልቧ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ተከተለችው። ኬክ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እሷም ቆመች። ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ አይቶ ምራቁን ዋጠና አለፈ። ከኋላ ከኋላው እየሄደች ዓይኗን ሱሪው ላይ ተከለች፤ ሁለቱ የኋላ ኪሶች እንደሚያንሾካሹኩ ጎረቤታሞች ተጠጋግተዋል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ ካሮቱን ጨረሰ፣ ውኃ ጠጣ፣ ተነሣ። ይህም አላሳመናትም። አይቶኝ ነው፣ አለች።

አይቷታል።

«ዛሬ ተከትለሽኝ ነበር?» አላት ራት ላይ።

«አዎ።»

«ስበላ አገኘሽኝ?»

«አላገኘሁህም። ሱሪህ ግን አይዋሽም።»

ሹፌሩ ትንሹን ሳህን ገፋ አደረገው። ተነሥቶ ትልቁን ሳህን ከተሰቀለበት አወረደ። «እንግዲህ በቃኝ። ርቦኝ ሌባ ከምባል ጠግቤ ሌባ ልባል። ነገ ኬክ ቤቱ ጋ ጠብቂኝ፤ በር ላይ አልቆምም።»

ሚስትየው አለቀሰች። መዋሸቱ አናዷታል፤ ከዚያ በላይ ግን ዓይኑ ጠፍቶ እጁን ይዛ ስትመራው እየታያት ፈርታለች። ሹፌሩም ሳህኑን እንዳቀፈ ፊቱን አዞረ።

ጥግ ላይ ሲንኳኳ የነበረው የስፌት መኪና ቆመ። እናትየው ከንፈሯ ላይ የያዘቻቸውን ስፒሎች አወጣችና የልጇን ሱሪ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው።

«ልጆቼ፣ ይሄን ሱሪ ከዚህ በላይ ማጥበብ አልችልም፤ የኋላ ኪሶቹ ሊገጥሙብኝ ነው።»