ሁለት ምን?

«ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ፣ ዴ፣ ድ... ድ!» ትላለች ሚጢጢ፣ ጣቷን ከመጽሐፉ ላይ ሳታነሳ። ከኋላ ወንበር «ኡፍ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ባቡር ነው፤ ሲያነብ ለትንፋሽ እንኳ ስለማይቆም ልጆቹ ያወጡለት ስም ነው።

መምህርቷ ትገላምጠዋለች። እሷም ብትሆን ጭንቅ ብሏታል። አርብ ነው፤ ለመውጫው ደወል አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፦ አንድ ገጽ ያለማንም እርዳታ ያነበበ መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ይገባል። ከአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ እስካሁን መጽሐፍ ይዛ ገብታ የማታውቀው ሚጢጢ ብቻ ናት። ባለፈው አርብ ልጅቷ ቦርሳዋ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ መምህርቷ አግኝታት አንጀቷን በልታታለች።

ፊደሉ ጠፍቷት አይደለም። ሁሉንም እንደ ዜማ ስለያዘችው ከመሃል መጀመር አይሆንላትም። አንዱን ፊደል ለማግኘት ቤተሰቡን በሙሉ ከታላቁ ጀምራ ሰላም ማለት አለባት።

«ድ... መ... ቷ። ድመቷ!»

መምህርቷ «ጎሽ የኔ እናት!» ልትል ብላ ከንፈሯን ነከሰች። እርዳታ የለም ተብሏላ!

መጽሐፉ ትናንት የመጣ ነው፤ ማንም ልጅ አልገለጠውም። «ድመቷ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ጉድጓዱ ጨለማ ነው።» ይህችን ለመስማት ስንት ደቂቃ ፈጀ መሰላችሁ! ግን የልጆቹ ወንበር ሲጥሲጥታ ቆሟል። እርሳስ ስትቀርጽ የነበረችው ልጅም መቅረጿን ትታለች።

«ከ... ጥግ... በኩል...» ሚጢጢ ምራቋን ትውጣለች። «ሀ፣ ሁ... ለ... ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት። ሁለት!»

«ሁለት ምን?» ባቡር ብድግ ብሏል።

«ቆይ እንጂ! ገና እኮ ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ቀስ በይ። እንዳትሳሳቺ ብቻ።»

«ዓ... ይ... ኖች። ሁለት ዓይኖች... አፈጠጡባት!»

ደወሉ ተደወለ። ገጹም አለቀ። አርብ አርብ በሩን ሊገነጥሉ የሚደርሱት ልጆች ዛሬ አንድም ወደ በሩ የሮጠ የለም።

«የማን ዓይን ነው?»

«የጅብ ነዋ!»

«ቲቸር፣ በእናትዎ ይንገሩን!»

መምህርቷ መጨረሻውን ታውቀዋለች። «እኔ ምን አውቄ?» አለች፣ የሰሌዳ ማጥፊያውን እያነሳች። «መጽሐፉ ያለው እሷ ጋ ነው።»

ሚጢጢ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ ዚፑን ግጥም አደረገች። «ሰኞ እነግራችኋለሁ።»

«ሰኞ?!» ክፍሉ ተናጋ።

መምህርቷ ሰሌዳውን አጥፍታ በመስኮት ስታይ፣ ሰኞ ድረስ ማን ሊታገስ! ልጆቹ ደረጃው ላይ ተኮልኩለዋል። መሃላቸው ሚጢጢ፣ መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል።

«የ፣ ዩ፣ ዪ...» ትላለች።

ባቡር የእሷን ቦርሳ በደረቱ አቅፎ ጎኗ ተቀምጧል። «ያ፣ ዬ...» ይላል አብሯት፣ ቀስ ብሎ።