ሃቫና ላይ ማጉረስ ክልክል ነው

ልጅቷ እናቷን ሃቫና ስታመጣቸው ያስጠነቀቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እማዬ፣ በሞቴ፣ እዚህ አገር ሰው እንዳታጎርሺ።»

እናት ሁለት ቀን ታገሡ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ግን አላስቻላቸውም። ሆቴሉ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፤ ከውጭ የሚገባው የከበሮ ድምፅ ብርጭቆውን ሁሉ ያስጨፍረዋል። ሽበታሙ አስተናጋጅ ከየት እንደመጡ ጠይቆ «ከኢትዮጵያ» ከተባለ ወዲህ ከጠረጴዛቸው አልርቅ ብሏል።

«ይኼ ሰውዬ ቆሞ ሲያበላን ዋለ። እሱስ መቼ ሊበላ ነው?» አሉ እናት።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ እኮ ነው።»

«ሥራ ላይ ያለ ሰው አይርበውም?»

ከሩዙና ከጥቁር ቦሎቄው በእጃቸው ጠቅለል አድርገው ብድግ አሉ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» አሉት።

ልጅቷ ፊቷን በሜኑው ሸፈነች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጎረሰ። ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየ።

እናት ረክተው ተቀመጡ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ በስፓኒሽ ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት፣ ጢሙን ጠርጎ በአማርኛ ቀደማት።

«እማማ፣ ሐረር ወታደር ሳለሁ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለውኛል» አለና አፉን እንደገና ከፈተ።